ሰባተኛው ቀን ላይ እንዳንቸኩል፦ የእግዚአብሔርን ጊዜ መጠበቅ ደረጃ በደረጃ

ንጉሥ ሳኦል በጌልገላ ነቢዩ ሳሙኤልን 7 ቀን ጠበቀው። ፍልስጥኤማውያን ሲሰበሰቡ፣ የራሱ ሕዝብ ሲበተን ጨነቀውና የሚቃጠለውን መሥዋዕት ራሱ አሳረገ። አሳርጎ እንደ ጨረሰ ሳሙኤል ደረሰ። የሰው ትዕግሥት ብዙ ጊዜ የሚያልቀው እንዲህ የሚጠብቀው ደጅ ከደረሰ በኋላ ነው። ትዳር፣ ልጅ፣ ሥራ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ እየጠበቁ ከሆነ በእነዚህ ደረጃዎች ይለማመዱ።

1. ተስፋውንና ቀጠሮውን ይለዩ። የደብተር ገጽ ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ በኩል እግዚአብሔር በቃሉ የሰጠውን፣ በሌላው እርስዎ የቆረጡትን ቀን ይጻፉ። እንደማይተወን ቃል ገብቷል፤ እስከ መስከረም ሥራ ትይዛለህ አላለም።

2. አቋራጭዎን በስሙ ይጥሩት። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75፣ እስማኤል ሲወለድ 86፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100 ዓመቱ ነበር። በመካከሉ የተሞከረው አቋራጭ፣ ከሣራ አገልጋይ ከአጋር ልጅ መውለድ፣ አጋርን ከነልጇ ለበረሃ ዳረጋት። «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለው ተረታችን ለዚያ ቤት የተነገረ ይመስላል። የእርስዎስ አቋራጭ ምንድን ነው? ጉቦ? ልብዎ ያልፈቀደው ጋብቻ? በደላላ የሚደረግ ጉዞ? ይጻፉት።

3. የከፋዎትን ለእግዚአብሔር ይንገሩ። ሐና በሴሎ አምርራ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር። ከጸሎት ተነሥታ ግን እህል ቀመሰች፤ ፊቷም ተፈታ። ልጇ ገና አልተፀነሰም። ያ ልጅ ሳኦል መጠበቅ ያቃተው ሳሙኤል ነው። እርስዎም በቀን አንድ የጸሎት ሰዓት ይወስኑ፤ አልቅሰው ሲጨርሱ ተነሥተው ይብሉ።

4. የዕለቱን ሥራ አይተዉ። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ አካባቢ ተሸጦ ፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው። ወኅኒ ሆኖም የሌሎችን እስረኞች ፊት አይቶ ለምን እንዳዘኑ ይጠይቅ ነበር። ማመልከቻዎን ያስገቡ፤ ሐኪም ያማክሩ፤ የበደለዎት ካለ በሕግ ይጠይቁ። መታገሥ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም።

5. በትንሹ ይጀምሩ። ጀበናው ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ሲቀመጥ፣ ቡናው እስኪሰክን ስልክዎን አይንኩ። የቸኮለ አተላ ይጠጣል። ያቺን ጥቂት ደቂቃ ዝም ማለት የቻለ ረጅሙንም መጠበቅ ይለምዳል።

6. አንድ ሰው ያማክሩ። ሳኦል ያልተበተኑት ሰዎች አብረውት ሳሉ «ምን ትመክሩኛላችሁ?» ብሎ እንደ ጠየቀ አልተጻፈም። እርስዎ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለመጋቢዎ የጻፉትን ያሳዩ።

የቆረጡት ቀን ሲያልፍ ደብተሩን መልሰው ይክፈቱ። ቀኑን ይሰርዙት፤ ተስፋው የተጻፈበትን ግማሽ ገጽ ግን እንዳለ ይተዉት።