«ባክቴሪያ» የሚለው ቃል ትርጉምና አጠቃቀሙ በእንሰትና በቡና በሽታዎች

በሺሺንዳና በአካባቢው እንሰትና ቡና ጎን ለጎን ይለማሉ። ከሁለቱ አንዱ ሲታመም «ባክቴሪያ ገባበት» ማለት የተለመደ ነው። ቃሉ ያለ ቦታው ሲገባ ግን ለገበሬው የሚሰጠው ምክርም ይሳሳታል። ስለዚህ ትርጉሙን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

1. ትርጉም

በዓይን የማይታዩ፣ በማይክሮስኮፕ የሚለዩ ሕያዋን በጥቅል ጥቃቅን ተሕዋስያን ይባላሉ። ባክቴሪያ ከእነዚህ አንዱ ክፍል ነው። አካሉ አንድ ሴል ነው፤ ኑክሊየስ የለውም፤ ለሁለት እየተከፈለ ይራባል። ፈንገስ ግን ኑክሊየስ ያለው ሌላ ክፍል ነው፤ አብዛኛው እንደ ክር ያድጋል፤ ስፖር በሚባል ረቂቅ ዘርም ይሠራጫል።

ባክቴሪያ ሁሉ ጎጂ አይደለም። ቆጮን በጉድጓድ ውስጥ የሚያኮመጥጡት፣ በባቄላ ሥር እባጮች ውስጥ ሆነው የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ የሚያቀርቡትም ባክቴሪያዎች ናቸው።

2. አጠቃቀም

ሀ. የእንሰት አጠውልግ በሽታ፦ አምጪው ባክቴሪያ ነው። ዛንቶሞናስ ከሚባለው ወገን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያ እንሰት ተገልጾ ስም ወጣለት፤ በ1974 በሀገራችን ሙዝ ላይም መገኘቱ ተዘገበ። ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ነጣ ያለ ወይም ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። ፈሳሹ ባክቴሪያውን ስለሚይዝ በሽታው በቢላዋ ወደ ጤነኛው ተክል ይሻገራል። የታመመውን እንሰት የሚያድን ርጭት የለም።

ለ. የቡና ፍሬ በሽታ (ሲ.ቢ.ዲ.)፦ አምጪው ፈንገስ ነው። በኢትዮጵያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁር፣ ጎድጎድ ያለ ቁስል ይታያል። ስፖሩን የዝናብ ጠብታ ይበትነዋል። በፀረ ፈንገስ ርጭት ይቀነሳል፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን በጅማ ምርምር ማዕከል የተመረጡትን እንደ 74110 ያሉ ተቋቋሚ ዝርያዎች መትከል ነው።

3. ከልማት ሠራተኞችና ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠበቅ

• በሪፖርት ላይ በቅድሚያ የታየውን ምልክት መጻፍ፤ አምጪው ካልተለየ «ያልተለየ» ማለት እንጂ «ባክቴሪያ» ብሎ አለመገመት።
• ለአጠውልግ በሽታ ፀረ ፈንገስ እንዳይገዛ መምከር።
• የታመመውን እንሰት ከነሥሩ ነቅሎ ከማሳው ርቆ መቅበር፤ ችግኝ ከታመመ ማሳ አለመውሰድ።
• ቢላዋና ገጀራ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በእሳት ነበልባል ማጋል ወይም በበረኪና መንከር።
• እንሰት የሚፍቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ መሣሪያም ይዋዋሳሉ። ስለዚህ ትምህርቱ ለአባወራው ብቻ ሳይሆን ለእነርሱም በቀጥታ ይሰጥ።