የቴሌስኮፕን የጤዛ ማሞቂያ ከባትሪ ጋር ስለማገናኘት

ጤዛ እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ይመስለናል፤ አነጋገራችንም «ጤዛ ወረደ» ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ጤዛ የሚሆነው ውሃ ቀድሞውኑ ተን ሆኖ በአየሩ ውስጥ አለ። አንድ ዕቃ ከተወሰነ ልክ በታች ሲቀዘቅዝ የነካው አየር ተኑን መያዝ ያቅተውና ዕቃው ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል። ያ የሙቀት ልክ የጤዛ ነጥብ ይባላል። ሰማይ በጠራበት ሌሊት ደግሞ ወደ ላይ የተጋለጠ ነገር ሁሉ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ስለሚለቅ ከአካባቢው አየር እንኳ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ይላል። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ሣሩና የመኪናው ጣራ ረጥቦ የሚያድረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የቴሌስኮፕ ሌንስ ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ላይ ማፍጠጥ ስለሆነ ዕድሉ ከሣሩ አይለይም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ቤትና ጉልላት አላቸው። ለተማሪዎች የሚወጣው ትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ሜዳ ላይ ነው የሚቆመው። ሌንሱ ሲረጥብ ኮከቡ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ጨርሶ ይጠፋል። በነጠላ ጫፍ ወይም በመሐረብ እንጥረገው ቢባል የሌንሱ ቅብ ይጫጫራል፤ መስታወቱም ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ወዲያው መልሶ ይረጥባል።

ታዲያ ምን ይሻላል? በቅድሚያ ባትሪ የማይፈልገውን መንገድ መሞከር ነው። ከጥቁር ካርቶን ተጠቅልሎ ከሌንሱ ፊት ወደ ውጭ የሚረዝም፣ ርዝመቱ የሌንሱን ስፋት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል የሆነ ኮፍያ ይደረግለታል። ይህ ጤዛውን ያዘገየዋል። አየሩ ብዙ እርጥበት ሲኖረው ግን ብቻውን አይበቃም፤ ማሞቂያ ያስፈልጋል።

ማሞቂያ ሲባል ምጣድ ማሰብ የለብንም። ሥራው መስታወቱን ማጋል ሳይሆን ከጤዛ ነጥብ በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ማቆየት ብቻ ነው። ሲበዛማ በሌንሱ ፊት ያለው አየር ይንቀጠቀጥና ምስሉ ይበላሻል። 80 ሚሊሜትር ስፋት ላለው ሌንስ ከ3 እስከ 4 ዋት ይበቃል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቀበቶ አለ፤ ነገር ግን በእጃችን ብንሠራው የኦም ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ሳይሆን ሜዳም ላይ እንደሚሠራ ተማሪዎች ያዩታል። ባለ 470 ኦምና ባለ ግማሽ ዋት ሬዚስተር 12 እንወስዳለን። በ12 ቮልት በአንዱ የሚያልፈው ከረንት 12 ሲካፈል ለ470፣ ማለትም 0.0255 አምፔር ነው። የአንዱ ሙቀት 0.31 ዋት ያህል፣ የአሥራ ሁለቱ ደግሞ 3.7 ዋት ያህል ይሆናል፤ ጠቅላላው ከረንት 0.3 አምፔር ነው። ለምን 330 ኦም አይሆንም የሚል አይጠፋም። ባትሪው ቻርጅ እየተደረገ ቮልቴጁ 13.8 ቢደርስ ባለ 330ው 0.58 ዋት ይሆንበታል፤ ከአቅሙ በላይ ነው። ባለ 470ው በዚያው ቮልቴጅ ከ0.41 ዋት አያልፍም።

አሥራ ሁለቱ ሬዚስተሮች የሚገናኙት በትይዩ ነው። ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ተዘርግተው እያንዳንዱ ሬዚስተር እንደ መሰላል ደረጃ በመካከላቸው ይበየዳል። አንድ ሰው ተሳስቶ በተከታታይ ቢቀጥላቸው ጠቅላላው 5640 ኦም ይሆንና ሙቀቱ 0.026 ዋት ብቻ ይሆናል፤ 144 ጊዜ አነሰ ማለት ነው። ተማሪን «ለምን 144?» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ 12 በ12 መሆኑን ራሱ ይድረስበት። የተበየደው ሁሉ በናስትሮ ተሸፍኖ ከሌንሱ ጀርባ ባለው የቱቦው አንገት ላይ ይጠመጠማል። መስታወቱን መንካት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ማሞቂያ ኮረንቲውን ከየት ይውሰድ? ብዙ ሰው የሚቀናው ወደ ቴሌስኮፑ ሞተር ከሚሄደው ገመድ ላይ ቆርጦ መቀጠል ነው። ቅርብ ነዋ! ጉዳቱ ግን በቁጥር ይታያል። 3 ሜትር ርዝመትና 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ ደርሶ መልስ 6 ሜትር ስለሚሆን 0.2 ኦም ያህል አለው። ለሞተሩ ብቻ 0.5 አምፔር ሲያልፍበት የሚጠፋው 0.1 ቮልት ነው። በላዩ 1.5 አምፔር የሚጎትት ትልቅ ማሞቂያ ሲጨመርበት 0.4 ቮልት ይጠፋል፤ ማሞቂያው በበራና በጠፋ ቁጥርም ቮልቴጁ ይዘላል። ኮከብ በራሱ የሚፈልግ ቴሌስኮፕ ባትሪው በደከመ ሰዓት እንዲህ ከተደረገበት ጠፍቶ ይነሳና የት እንደሚያይ ይረሳል። ስለዚህ ሁለቱ ገመዶች መለያየት ያለባቸው ቴሌስኮፑ ዘንድ ሳይሆን ባትሪው ራስ ላይ ነው፤ ለሞተሩ የራሱ፣ ለማሞቂያው የራሱ።

ሁለተኛው ጉዳይ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው። መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት የምንይዘው አንድ ባለ 7 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ ነው እንበል። ይህ ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል፤ ብዙ ከረንት ሲጎተትበትም ከተጻፈበት ያነሰ ይሰጣል። ስለዚህ 3.5 ብቻ እንቁጠር። 50 ተማሪዎች ተሰልፈው ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ 2 ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። ሞተሩ 0.5፣ የሠራነው ማሞቂያ 0.3፣ በድምሩ 0.8 አምፔር ከሆነ 3.5 ለ0.8 ሲካፈል ከ4 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ባለ 18 ዋቱን ትልቅ ማሞቂያ ካደረግን ግን ድምሩ 2 አምፔር ይሆንና ባትሪው የሚቆየው 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። 35 ተማሪ ካየ በኋላ ያልቃል። የቀሩት 15 ልጆች በብርድ ቆመው የጁፒተርን ጨረቃዎች ሳያዩ ይመለሳሉ፤ መቼም ከሰልፉ ኋላ የሚቀሩት ትንንሾቹ ናቸው። ትልቅ ቴሌስኮፕ ካለና ትልቁ ማሞቂያ ግድ ከሆነ ሁለተኛ ባትሪ መያዝ፣ ወይም በሰከንድ ውስጥ እያበራ እያጠፋ የሚቆጣጠር መሣሪያ መሐል ማስገባት ነው። ግማሹን ጊዜ ብቻ ሲያበራ ፍጆታውም በግማሽ ይቀንሳል። ሬዚስተር በተከታታይ ጨምሮ ማቀዝቀዝ ግን የባትሪውን ኃይል ያለ ጥቅም ሌላ ቦታ ማቃጠል ነው።

ፊውዝ ሳይደረግ ምንም አይገናኝም። 12 ቮልት ሰው አይመታም ተብሎ የሚናቅ ነገር አለ። እርግጥ አይመታም፤ ነገር ግን ሁለቱ ሽቦዎች ቢነካኩ ትንሽዋ ባትሪ እንኳ በብዙ አሥር አምፔር ትለቃለች፤ ሽቦው ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ በጨለማ የሚረግጠው ልጅ ይቃጠላል። ለዚህ ማሞቂያ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ ይገባል። ማሞቂያው አጠገብ ቢገባ የገመዱን ርዝመት አይጠብቅም። ገመዶቹ ደግሞ ልጆች ከሚቆሙበት በተቃራኒ ወገን ይለፉ። የ220 ቮልት ማራዘሚያ ከክፍል ጎትቶ እርጥብ ሣር ላይ ማውጣት ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም።

ማሞቂያው የሚበራው ሌንሱ ከረጠበ በኋላ ሳይሆን ገና ሲመሽ ነው። እንዳይረጥብ መጠበቅ የረጠበውን ከማድረቅ ያነሰ ኃይል ይወስዳል። ሲያበቃ መጀመሪያ ከባትሪው ይነቀል፣ ቀጥሎ ቀበቶው ከቱቦው ይፈታ። ባትሪው ጎድሎ ከሰነበተ ስለሚበላሽ በማግሥቱ በፀሐይ ፓነልም ሆነ በሌላ ቻርጅ ይሞላ።