ሥዕል ለመጽሐፍ ጌጥ ነውን?
(ስለ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ስለ ጆን ቴኒየል)

ስለ አንድ መጽሐፍ ስንጨዋወት የደራሲውን ስም ሳናነሣ አናልፍም፤ ሥዕሎቹን የሣለው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ከመካከላችን እምብዛም አይገኝም። ይህም ሥዕል ለመጽሐፍ፣ እንደ ጥልፍ ለቀሚስ፣ ጌጥ ብቻ ነው የሚል አሳብ ስላለን ነው። አሳባችን ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር የአንድ ሠዓሊ ሕይወትና ሥራ እንመልከት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጆን ቴኒየል በ1820 በሎንዶን ተወለደ። በ20 ዓመቱ ከአባቱ ጋር የሻሞላ ጨዋታ ሲለማመድ የአባቱ ሻሞላ ጫፍ መሸፈኛው ወልቆ ኖሮ ዓይኑን ወጋው፤ የአንድ ዓይኑም ብርሃን ጠፋ። አባቱ እንዳያዝን ሲል ግን የጉዳቱን ከባድነት ሸሸገው። እንዲህም ሆኖ በ1850 ፓንች በተባለው ሳምንታዊ የሥላቅ መጽሔት ገብቶ እስከ 1901 ድረስ ከ2,000 በላይ የፖለቲካ ሥዕሎች ሠራ። ሰውን ከፊቱ አስቀምጦ መሣል ልማዱ አልነበረም፤ ያየውን በአእምሮው ይዞ ይሥል ነበር እንጂ። በ1893 የ«ሰር» ማዕርግ ተሰጠው፤ በ1914ም ዐረፈ።

ስሙን እስከ ዛሬ ያቆየለት ግን የአሊስ መጽሐፍ ነው። ደራሲው ሉዊስ ካሮል በኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ ታሪኩን መጀመሪያ በእጁ ጽፎ ሥዕሉንም ራሱ ሥሎ ነበር። መጽሐፉ የሚታተም በሆነ ጊዜ ግን ባለሙያ እንደሚያስፈልገው ተረድቶ ቴኒየልን ለመነ። ቴኒየልም 42 ሥዕሎች ሠራለት።

በዚያ ዘመን የመጽሐፍ ሥዕል የሚታተመው በእንጨት ሰሌዳ ነበር። ሠዓሊው ሥዕሉን ግራና ቀኙን ገልብጦ በጠንካራ እንጨት ላይ በእርሳስ ያሳርፋል፤ ቀራጩም መሥመሩን ትቶ ሌላውን እንጨት ይፍቃል። ቀለም የሚይዘው ከፍ ብሎ የቀረው መሥመር ነው። የቴኒየልን ሥዕሎች የቀረጹት የዳልዚል ወንድማማቾች ስለ ነበሩ በብዙዎቹ ሥዕሎች ጥግ የሁለቱም ምልክት ይታያል።

በ1865 የመጀመሪያዎቹ 2,000 ቅጂዎች በታተሙ ጊዜ ቴኒየል የሥዕሎቹ አስተታተም አላረካውም። የኅትመቱን ወጪ የሚከፍለው ካሮል ነበርና ክርክር ሊያነሣ ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሠዓሊውን ቃል ሰምቶ ኅትመቱ እንዲሰበሰብ አደረገ፤ መጽሐፉም በሌላ ማተሚያ ቤት እንደ ገና ታተመ። በሁለተኛው የአሊስ መጽሐፍ ዝግጅት ጊዜም ቴኒየል ስለ ተርብ የሚናገረው ክፍል እንዲወጣ መከረ፤ ካሮልም ክፍሉን አስቀረ።

«ሠዓሊው የሚሠራው በሰው አሳብ ላይ ተመሥርቶ ነውና ከአገልጋይነት አያልፍም» የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖር ይሆናል። ክርክሩ ፍሬ የለውም አንልም፤ ታሪኩ ባይኖር ሥዕሉ ባልኖረ ነበርና። ነገር ግን ደራሲው ራሱ ግሪፎን የተባለውን አውሬ በቃል ከመግለጽ ይልቅ የማያውቀው አንባቢ ሥዕሉን እንዲያይ ማመልከቱን እናስተውል። እዚህ ላይ ሥዕሉ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የታሪኩ አካል ሆኗል። ስለዚህ ሠዓሊው የደራሲው ባልንጀራ እንጂ አሽከር አይደለም ብንል አንሳሳትም።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በዚህች በስቴንስል በምትባዛው መጽሔታችን ሥዕል የምንጠይቀው ጽሑፉ ካለቀ በኋላ፣ ባዶ ቦታ ሲተርፍ ነው። መሥመሩ ተቈራርጦ፣ ቀለሙ ፈስሶ ሲወጣም «ሥዕል ብቻ ነው» ብለን እናድላለን፤ የሠዓሊውንም ስም እንረሳለን። ካሮል ስለ ሥዕል ጥራት 2,000 ቅጂ መልሶ ነበር። እኛ ከዚያ ሁሉ ይቅርና አንዲት የተበላሸች ስቴንስል ለመለወጥና አንድ ስም ከሥዕሉ ሥር ለመጻፍ እንኳ ብንተጋ ከዚህ ጥናት በቂ ትምህርት አገኘን ማለት ነው።