ከስካር ለመዳን ወደ ማኅበር ስለ መሄድ

አንባቢ ሆይ፥ ይህች ትንሽ ጽሑፍ የስካርን ክፋት ልታስረዳህ አልተጻፈችም። ክፋቱንስ የሚጠጣው ሰው ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል፤ ማለዳ እጁ ሲንቀጠቀጥ፥ ደመወዙ ቤቱ ሳይደርስ በጠጅ ቤት ሲያልቅ፥ ልጆቹም ኮቴውን ሰምተው ሲሸሸጉ ተምሮታልና። እርሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም፦ ብዙ ጊዜ ማልሁ፥ መሐላዬንም አፈረስሁ፤ እንግዲህ ወዴት ልሂድ? የሚል ነው።

በአገራችን ሰው መጠጥ ሊተው ሲወድ በነፍስ አባቱ ፊት ይገዘታል፥ ወይም በዘመዶቹ ፊት ይምላል። ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን መሐላው የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ጥማቱ በማግሥቱም በሳምንቱም ይመለሳል፥ ያን ጊዜም ሰውየው ብቻውን ነው። ቢወድቅ አፍሮ ይሸሸጋል፥ ተሸሽጎም አብልጦ ይጠጣል።

ይህን ብቸኝነት የሚያፈርስ መንገድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1935 ዓመት በአሜሪካ አገር፥ በኦሃዮ ግዛት፥ አክሮን በምትባል ከተማ ተጀመረ። ቢል ዊልሰን የሚባል የኒውዮርክ ሰው፥ የአክሲዮን ንግድ ሠራተኛ፥ መጠጥ ከተወ ገና ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ለንግድ ወደዚያ ሄዶ ነገሩ ሳይቃናለት ቀረ፤ በሆቴሉ አዳራሽም ብቻውን ሲመላለስ ከመጠጥ ቤቱ የሰዎች ድምፅ ይሰማው ነበር። እርሱ ግን ወደ ስልኩ ሄደ፥ ለአንድ ቄስም ደውሎ የሚያነጋግረው ሌላ ሰካራም እንዲያገኝለት ለመነ። ልብ አድርግ፤ የፈለገው መካሪ አይደለም፥ እንደ እርሱ ያለ ሕመምተኛ ነው እንጂ። በአንዲት ሴት አማካይነትም ሮበርት ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋራ ተገናኘ። ሐኪሙ ከ15 ደቂቃ በላይ አልቀመጥም ብሎ መጥቶ ነበር፤ ሆኖም ለብዙ ሰዓት ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ነገር ግን በጁን 10 ቀን የጠጣው የመጨረሻው ሆነ፥ በ1950 እስኪሞት ድረስም አልቀመሰም። ማኅበሩ ያን ቀን የልደቱ ቀን አድርጎ ይቈጥራል፤ ስሙም አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ይባላል፥ ይህም ስማቸውን የማይገልጡ የመጠጥ ሕመምተኞች እንደ ማለት ነው።

ወደ ስብሰባው የሚገባ ሰው ምን ያገኛል? ወንበሮችን፥ ቡናን፥ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎችን። የመግቢያ ክፍያ የለም፤ የሚጠየቀው መጠጥን ለመተው መፈለግ ብቻ ነው። ለቤቱ ኪራይና ለቡናው ሣህን ይዞራል፥ እንግዳ ግን እንዲሰጥ አይገደድም። አንዱ የደረሰበትን ይናገራል፥ ሌሎቹም ሳያቋርጡ ይሰማሉ። አንተም በመጠሪያ ስምህ ብቻ ትታወቃለህ፤ መናገር ባትወድ፦ ዛሬ ልስማ ብለህ ማለፍ ትችላለህ። ለሁሉ የተከፈተ ስብሰባ አለ፥ ለሕመምተኞች ብቻ የሆነም አለ፤ ለሴቶች ብቻ የሆነም አለ፥ እኅቴ ሆይ፥ ይህን ስለ አንቺ ጻፍሁት። ቀኑም አንድ በአንድ ይቈጠራል፤ ለዘላለም አልጠጣም ማለት ቀርቶ፥ ዛሬ አልጠጣም ይባላል። ቆየት ያለ አባልም ስልኩን ይሰጥሃል፤ ጥማቱ በሌሊት ቢመጣብህ ወደ እርሱ ትደውላለህ። ለእኔስ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

አንድ ጊዜ ሄደህ፦ አልተስማማኝም አትበል። ሌላውን ስብሰባ ሞክር፥ አንዱ ከሌላው ይለያልና። የቆዩት ሰዎች ለአዲሱ በ90 ቀን 90 ስብሰባ ብለው ይመክራሉ። በ2020 ሊቃውንት 27 ጥናቶችን አመሳክረው፥ ይህ መንገድ ጨርሶ መጠጥን ለመተው ከሌሎቹ ሕክምናዎች የማያንስ፥ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ሆኖ አግኝተውታል።

በማኅበሩ ትምህርት፥ እያንዳንዱ እንደሚያስተውለው ስለ ሆነ አምላክ ይነገራል። እኔ ወንጌላዊ ነኝና ይህ አነጋገር መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። በኋላ ግን አሰብሁ፤ በገደል አፋፍ የቆመውን ሰው አስቀድሞ ሃይማኖቱን የሚመረምር ማን ነው? የሃይማኖት ነገር የማይነሣባቸው ስማርት ሪከቨሪን የመሰሉ ማኅበራትም አሉ።

አንዳንዱ፦ ሰው ቢያየኝስ? ይላል። ወንድሜ ሆይ፥ ከጠጅ ቤት ስትወጣ ያላየህ ማን አለ?

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግርሃለሁ። ብዙ ዓመት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፥ ሊጥለውና አእምሮውን ሊያስተው፥ ሊገድለውም ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አለና። ስብሰባው ከሐኪም ጋራ ይሄዳል እንጂ ሐኪምን አይተካም።

ስብሰባ የት እንዳለ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቅ። በአሜሪካ የምትኖር ብትሆን በብዙ ከተማ የማኅበሩ ስልክ አለ፥ ስብሰባውም ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ይሆናል። መሄድ ለማይችል በስልክና በኢንተርኔት የሚደረግ ስብሰባ አለ። የሚጠጣ ባል ላላት ሚስትም ከ1951 ጀምሮ አል-አኖን የሚባል የቤተ ሰቦች ማኅበር አለላት፤ ባልዋ ባይመጣም እርስዋ ትሂድ።

በከተማህ ምንም ባታገኝ፥ መጠጥን መተው የሚፈልግ አንድ ሰው ፈልግ፤ በአክሮን የተጀመረው በሁለት ሰዎች ነውና። ቀኑንና ሰዓቱን ቁረጡ፥ መጠጥ ከማይገባበት ቤትም ተገናኙ። መምጣት የማይችል አስቀድሞ ይደውል፤ ባልንጀራው ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣው ወደ ጠጅ ቤት እንዳይመለስ።