የዛሬ ትምህርት፦ 93 ሳንቲም ማለት ምን ማለት ነው?

ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ የአሜሪካ ምርጫ የትንበያ ገበያ ዋጋ በውስጥ መስመር እየላካችሁ «ቀረጡ ሊቀየር ነው? ቡናዬን ልያዝ?» ትሉኛላችሁ። አነባበቡን እንማር።

እንደ ካልሺና ፖሊማርኬት ባሉ ገበያዎች «እገሌ ያሸንፋል» የሚል ውል ይሸጣል። ካሸነፈ 1 ዶላር ይከፍላል፣ ከተሸነፈ ዜሮ። ውሉ 93 ሳንቲም ከሆነ ዕድሉ በግምት 93 በመቶ ነው ይባላል። «በግምት» ያልኩት በምክንያት ነው።

1. ቀኑን ቁጠሩ። አንድ ፓርቲ ሁሌ የሚያሸንፍበት ወንበር ነው እንበል። ምርጫው 6 ወር ከቀረው የገዢው ገንዘብ 6 ወር ይታሰራል። በዓመት 4 በመቶ ወለድ ብናስብ ከ7ቱ ሳንቲም 2 ያህሉ የጊዜ ዋጋ እንጂ ሥጋት አይደለም። ያው 93 ምርጫው 2 ቀን ሲቀረው ከታየ ግን 7ቱም ሥጋት ናቸው ማለት ይቻላል።

2. ኪሳራውን አስሉ። 7 ለማግኘት 93 ታስይዛላችሁ። አንዴ መሳሳት የ13 ጊዜ ትርፍ ይበላል።

3. ማሸነፍና ልዩነት ሁለት ነገር ናቸው። በፍሎሪዳ 6ኛ የምርጫ ክልል ትራምፕ በ2024 በ30 ነጥብ ገደማ አሸንፈዋል። በኤፕሪል 2025 በተደረገው የማሟያ ምርጫ ዴሞክራቱ ጆሽ ዌይል ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ፤ ወሬው ጦፈ። ሪፐብሊካኑ ራንዲ ፋይን አሸነፈ፣ ግን በ14 ነጥብ ገደማ ብቻ። ውሉ በ30ም ሆነ በ1 ነጥብ ያው 1 ዶላር ነው የሚከፍለው። መኪናው ደረሰ አልደረሰ እንጂ የጫነው ቡና እርጥበቱ ስንት እንደሆነ አይነግራችሁም።

ይህን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። አንድ ዩኒየን በቆሎውን እንዲይዝ መከርኩ፤ «መጨመሩ አይቀርም» ብዬ። እውነትም ጨመረ። ግን የመጋዘን ኪራይና የብድር ወለድ ሲቀነስ ገበሬው እጅ የገባው መጀመሪያ ቀን ቢሸጥ ከሚያገኘው ያነሰ ነበር። ትክክል ሆኜ አከሰርኳቸው። ዋጋውን አይቼ ቀኑን አልቆጠርኩም።

ወደ ጥያቄያችሁ ስመለስ፦ ምክር ቤቱ 435 ወንበር አለው። የታወቀ ወንበር ለታወቀው ፓርቲ ሲሄድ ለቡና ዋጋ አዲስ ነገር የለውም። ደግሞ በ2025 ቡናችን ላይ 10 በመቶ ቀረጥ የተጣለውም፣ ኖቬምበር ላይ የተነሳውም በፕሬዝዳንቱ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ በዚህ ምክንያት ብቻ ቡና አትያዙ። መያዝ ካለባችሁ መጀመሪያ የወለዱንና የኪራዩን ሒሳብ በወረቀት ሥሩ።

ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍ። መልካም ገበያ!