ጾምና ክሳት
ስለ ሰውነት መጠንና ስለ መልክ መመዘኛ

መልክን ማየትና ማድነቅ ከሰው ባሕርይ የራቀ ነገር አይደለም። ፈጣሪ ሜዳውን በአበባ ሰማዩንም በከዋክብት አስጊጦ የፈጠረ ስለ ሆነ፣ የሰው መልክ ቢያምር የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የሚያስወቅሰው፣ መልክ የሰው ሙሉ ዋጋ መለኪያ ሆኖ ሲቆም፣ ይልቁንም መለኪያውን ሌሎች በሩቅ አገር ሠርተውት ልጆቻችን በእርሱ ሲመዘኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት ያሰብነው ጉዳይም ይኸው ነው። በልብስ ትርዒት ላይ የሚታዩት ሞዴሎች የሰውነት መጠን ለወጣቶች ምሳሌ በሆነበት ዘመን፣ ጾምንና ክሳትን ለይቶ ማወቅ ለካህናትም ለወላጆችም እጅግ አስፈላጊ ነው እንላለን።

ነገሩ የትልልቅ ከተሞች ጣጣ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሥዕል ዛሬ በእጅ ስልክ ወደ ደጋውም ወደ ቆላውም ይደርሳል። በአርሲ ደጋ፣ በሽርካ ወረዳ፣ ጎበሳ በምትባለው ከተማ የምትኖር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ በዐይነ ሕሊናችን እንመልከት። እናቷ የገብሱን ዱቄት በቅቤ አሽታ ጭኮ ስታቀርብላት «እጾማለሁ» ትላለች። እናቲቱም «ልጄ እግዚአብሔርን ፈራች» ብላ ደስ ይላታል። ጎረቤቱ ጨዋነቷን ያደንቃል፤ የንስሐ አባቷም ይመርቋታል። ልጅቱ ግን የምትጾመው በስልኳ ያየቻትን የልብስ ትርዒት ቆንጆ ለመምሰል ነው። ጾም ቢገባም ቢወጣም ለእርሷ ልዩነት የለውም። ሁሉ አመሰገናት እንጂ ማንም አልጠየቃትም። የዚች ልጅ አደጋ በምግባር ስም የተሸፈነ በመሆኑ ከሌላው አደጋ ይከፋል።

1ኛ/ በአገራችን የኖረው መመዘኛ

አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ ሰውነት መጠን ያላቸው አስተያየት ከንግግራቸው ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ሳንገናኝ የቆየነውን ሰው «ወፈር ብለሃል» ብንለው ምስጋና ነው፤ «ከሳህሳ፣ ምን ነካህ?» ብንለው ደግሞ ሐዘኔታ ነው። ከሕመም የዳነ ሰው «ሥጋ ለበሰ» ይባላል። አራስ ገንፎ በቅቤ ትመገባለች፤ በአርሲም ጭኮ ለክብር እንግዳ ይቀርባል። ይህም ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም። የ1966 ዓ.ም.ንና የ1977 ዓ.ም.ን ረኃብ ያየ ሕዝብ፣ የጐድን አጥንት ሲቈጠር ውበት ነው ብሎ ሊቀበል አይችልም። ለእርሱ ክሳት የመከራ ምልክት ነውና።

ይሁን እንጂ የቀድሞው መመዘኛ ነቀፋ የሌለበት ነበር ማለታችን አይደለም። በተፈጥሮዋ ቀጭን የሆነችው ልጅ «በሽተኛ ትመስላለች» እየተባለች አንገቷን ደፍታ ኖራለች። ለመልክ ሲባል ድዷን በመርፌ እየተወጋች የተነቀሰችም ብዙ ናት። ደግሞም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳርና ለደም ብዛት በሽታ መንገድ እንደሚከፍት ሐኪሞች ያስተምራሉ። ስለዚህ ውፍረትን ጽድቅ፣ ቅጥነትን ኀጢአት ልናደርግ አንችልም።

ከዚህም ጋር የአርሲ ደጋ ራሱ ሌላ ምስክር አለው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ1996 በአትላንታ የማራቶንን ሩጫ ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፣ በ2008 በቤጂንግ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ያገኘችው ጥሩነሽ ዲባባ፣ ሦስቱም የአርሲ ልጆች ናቸው። የሰውነታቸው ቅጥነት የሥራቸው ፍሬ ነበር እንጂ የሥራቸው ዓላማ አልነበረም። ያሸነፉትም በእግራቸውና በትዕግሥታቸው ነው። በሩጫም ቢሆን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሊቃውንት በ2014 እንደ ገለጡት፣ ስፖርተኛ ከድካሙ ጋር የሚመጣጠን ምግብ ካላገኘ ሰውነቱ ይጐዳል። በሴቶች የወር አበባ ይቋረጣል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ኀይልም ይደክማል።

2ኛ/ የልብስ ትርዒት መመዘኛ

በጎበሳ ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ሥራውን እንዴት እንደሚጀምር ሁላችንም እናውቃለን። መጀመሪያ ሜትሩን አንሥቶ የሰውየውን ትከሻ፣ ደረትና ወገብ ይለካል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቁን ይቈርጣል። ሰውየው ወፍራም ቢሆን ጨርቅ ይጨምራል፤ ቀጭን ቢሆን ይቀንሳል። ልብሱ ለሰው ይሰፋል እንጂ ሰው ለልብስ አይሰፋም።

በትልልቆቹ የልብስ ቤቶች ዘንድ ግን ይህ ሥርዓት ተገልብጦ ይገኛል። ለትርዒት የሚቀርበው ልብስ አስቀድሞ በአንድ ጠባብ ልክ ይሰፋል፤ ልብሱን ለብሳ በሕዝብ ፊት የምትመላለሰው ልጅም በዚያ ልክ ውስጥ መግባት ግዴታዋ ይሆናል። ካልገባች ሌላ ትጠራለች። እንግዲህ እንጀራዋን ላለማጣት ስትል እንጀራ መብላትን ትተዋለች።

ይህ ነገር የት እንዳደረሰ የሚያስረዳ ታሪክ አለ። ሐኪሞች የሰውን ክብደት በኪሎ ይወስዱና ቁመቱን በሜትር ለክተው፣ ቁመቱን በራሱ አባዝተው ክብደቱን ለዚያ ያካፍላሉ። ለዐዋቂ ሰው ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ክብደቱ ከሚገባው ያነሰ መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት ደንግጓል። በዚህ ስሌት 1 ሜትር ከ72 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ሴት ቢያንስ 55 ኪሎ ያህል ልትመዝን ይገባል። አና ካሮሊና ሬስተን የምትባል ብራዚላዊት ሞዴል በ2006 በኅዳር ወር በ21 ዓመቷ ስትሞት፣ ቁመቷ ይህን ያህል ሲሆን ክብደቷ 40 ኪሎ ብቻ እንደ ነበረ ተነግሯል። ከእርሷ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ሉዊዜል ራሞስ የተባለች የ22 ዓመት የኡራጓይ ልጅ በትርዒት ላይ ሳለች ወድቃ ሞታለች። ሁለቱም የሞቱት ምግብ ባለበት አገር ነው።

ከዚህ በኋላ መንግሥታት ዝም ማለት አልቻሉም። በዚያው በ2006 የማድሪድ የልብስ ትርዒት፣ በተባለው ስሌት ከ18 በታች የሚገኙ ሞዴሎች እንዳይቀርቡ ከለከለ። እስራኤል በ2012 ሕግ አውጥታ ከ18.5 በታች የሆነች ሞዴል ለማስታወቂያ እንዳትሠራ አገደች። ፈረንሳይም ከ2017 ጀምሮ ሞዴሎች ለሥራው ጤናቸው የሚፈቅድላቸው መሆኑን የሚመሰክር የሐኪም ወረቀት እንዲያቀርቡ አዘዘች፤ ደግሞም ለንግድ ማስታወቂያ የሚወጣ የሞዴል ፎቶግራፍ ሰውነትን ለማቅጠን ወይም ለማወፈር በመሣሪያ የተነካካ እንደ ሆነ ይኸው በግልጥ እንዲጻፍበት ደነገገች። ይህን የመጨረሻውን ልብ እንበለው። ልጆቻችን ሊመስሉት የሚደክሙለት መልክ አንዳንድ ጊዜ የሥዕሉ ባለቤት ራሷም የሌላት መልክ ነው ማለት ነው።

ሆኖም ሥራውን በሞላ ማውገዝ አይገባም። በ1978 በአዲስ አበባ የተወለደችው ሊያ ከበደ በሞዴልነት በዓለም ታዋቂ ከሆነች በኋላ፣ በ2005 የዓለም የጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና አምባሳደር ሆና ተሾመች። በ2007ም «ለምለም» የተባለ የልብስ ሥራ መሥርታ ለአገራችን ሸማኔዎች ሥራ ፈጠረች። በመልክ የተገኘ ዝና እናት በወሊድ እንዳትሞትና ሸማኔ እንዳይራብ ሲውል፣ «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» የሚለው የአባቶች ተረት ነቀፋውን ያቀልለታል።

3ኛ/ ጾም ክሳት አይደለም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጾምም የትርዒት ክሳትም ከምግብ መከልከል ስለ ሆኑ በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በውስጥ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ልዩነታቸውን በሦስት ነገር እናስረዳለን።

አንደኛው በዓላማ ነው። ጾመኛ ሥጋውን የሚገዛው ነፍሱ እንድትሠለጥን ነው። በትንቢተ ዳንኤል በምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈው፣ በባቢሎን ቤተ መንግሥት ነውር የሌለባቸው መልከ መልካም ወጣቶች ተመርጠው ነበር። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬና ውኃ በለመኑ ጊዜ፣ ሹሙን ያስፈራው ፊታቸው ከስቶ እንዳይገኝ ነበር። ከ10 ቀን በኋላ ግን ሰውነታቸው ወፍሮና አምሮ ተገኘ። ዳንኤል ጾመ እንጂ ሰውነቱን አላጠፋም። ክሳትን የሚፈልገው ግን በመስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን ያገለግላል።

ሁለተኛው በፍሬ ነው። ጾም ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር የተሰናሰለ ነው፤ ጾመኛው ከራሱ የቀነሰውን ለተራበ ያካፍላል። ለመልክ ሲባል የተተወው ምግብ ግን ለማንም አይደርስም። በምስጢር ይጣላል ወይም በደብተር መካከል ይደበቃል።

ሦስተኛው፣ ለካህናት ከሁሉ የሚጠቅመው፣ በጊዜ ነው። ጾም መግቢያና መውጫ አለው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ነነዌ 3 ቀን ነው። በትንሣኤ ሌሊት ምእመናን በደስታ ይገድፋሉ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀኖች ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ «ብሉ፣ ደስ ይበላችሁ» የምትልበት ወራት ነው። እንግዲህ አንዲት ልጅ በፋሲካ ማዕድ ፊት ተቀምጣ ከዶሮው ወጥ የምትሸሽ ከሆነች፣ በበዓለ ኀምሳም «እጾማለሁ» የምትል ከሆነች፣ የያዛት ጾም አይደለም፤ በሽታ ነው። ጾመኛ ፋሲካን ይናፍቃል፤ በሽተኛዋ ግን ፋሲካን ትፈራለች።

4ኛ/ ካህናትና ወላጆች ሊያደርጉት የሚገባ

ይህን በሽታ በ1870ዎቹ የለንደንና የፓሪስ ሐኪሞች ለይተው ጽፈውታል። ስለዚህ የስንፍና ወይም የትዕቢት ስም ሰጥቶ መገሠጽ ብቻ አይበቃም፤ በጊዜ ካልታከመ ለሞት ያደርሳልና። ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፦ ያለ ልክ መክሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስን መሳት፣ የፀጕር መርገፍ፣ የወር አበባ መቋረጥ፣ ከቤተ ሰብ ማዕድ መራቅ፣ ከሲታ ሆኖ ሳለ «ወፈርሁ» እያሉ ዘወትር በሚዛን ላይ መውጣት። ከበሽታው ወንዶች ልጆችም ነጻ አይደሉም።

የንስሐ አባት ይህን ባየ ጊዜ አስቀድሞ በርኅራኄ ይጠይቅ። «ስንት ቀን ጾምሽ?» ከማለት ይልቅ «ስለ ምን ትጾሚያለሽ?» ይበል። ቀጥሎም በቀኖና አሰጣጥ ይጠንቀቅ። ለሌላው ንስሐ ገቢ መድኀኒት የሆነው ጾምና ስግደት ለዚች ልጅ መርዝ ይሆንባታል፤ የልቧን ምኞት በካህን ቃል ያጸናላታልና። ይልቁንስ ጸሎትን፣ ድኻን መጐብኘትን፣ ከእናትና ከአባት ጋር በአንድ መሶብ ቀርቦ መብላትን ቀኖና አድርጎ ቢሰጣት መልካም ነው። ሕመምተኛ ከጾም ሕግ መፈታቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶች የሠሩት ሥርዓት ነው።

ጠበልን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። በእምነት ወደ ጠበል መሄድን የሚከለክል የለም፤ ነገር ግን በረኃብ የደከመች ልጅ «በባዶ ሆድ» እየተባለች ብዙ ቀን ብትቈይ ሕይወቷ ያልፋል። ጠበሉንም ትጠመቅ፤ ወደ ሐኪምም ትሂድ። በአሰላ ሪፈራል ሆስፒታል አለ፤ በአዲስ አበባም የአማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አለ። ወላጆችም ደንግጠው ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ በግድ አያጕርሷት። ለረዥም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ቢጠግብ ልብን እስከ ማቆም የሚያደርስ አደጋ አለውና፣ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

በመጨረሻም ሁላችን አንደበታችንን እንጠብቅ። «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ» የሚለው ሰላምታችን ድሮ የፍቅር ቃል ነበረ። ዛሬ ግን ልቧ በቈሰለ ልጅ ጆሮ ሲገባ ፍርድ ሆኖ ይሰማል። ስለ ሰውነቷ ከመናገር ይልቅ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ደኅንነቷ ብንጠይቃት ምን ይጐድልብናል?

ሳሙኤል በእሴይ ቤት የኤልያብን ቁመትና መልክ አይቶ ሊቀባው በወደደ ጊዜ፣ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን እንደ ሆነ ተማረ። በተአምረ ማርያም የተነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክም በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን ስለ ሌላ ሚዛን ያስተምረናል። በዚያ ሚዛን ላይ የመዘነው ለተጠማ ሰው የተሰጠ እፍኝ ውኃ ነበር። ወንዶችና ሴቶች ልጆቻችን የሚመዘኑት በዚህ ሚዛን መሆኑን ገና በልጅነታቸው እንንገራቸው። የሚቀጥለው ፋሲካ ሲደርስም እያንዳንዳችን በማዕዳችን ዙሪያ እንመልከት፤ ሳትበላ የተነሣች ልጅ ብትኖር ሳንወቅስና ሳናሞግስ አጠገቧ ቁጭ ብለን እንጠይቃት።