4 ጎል ብቻ ያገባችው አምበል

የዛሬው ንባባችን ስለ አንዲት አሜሪካዊት የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። ከማንበባችን በፊት ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ኳስ ስትጫወቱ የት ቦታ መሰለፍ ትወዳላችሁ? ብዙዎቻችሁ «ፊት! አጥቂ!» እንደምትሉ እገምታለሁ። ጎል የሚያገባው አጥቂ ነዋ! «አንተ ኋላ ሁን፣ አንቺ ተከላካይ ነሽ» ሲባል ፊቱ የሚጠቁር ልጅ በየቡድኑ አይጠፋም። ይህ ታሪክ በተለይ ለእሱ ይሆነዋል። በንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ንባብ

ክሪስቲ ፒርስ በ1975 በፍሎሪዳ ተወለደች። ያደገችው ግን ኒው ጀርሲ ውስጥ፣ ፖይንት ፕሌዘንት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ልጅ ሳለች አንድ ስፖርት አልበቃትም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እግር ኳስም፣ ቅርጫት ኳስም፣ የሜዳ ሆኪም ትጫወት ነበር። ከዚያ እዚያው ኒው ጀርሲ ውስጥ ሞንማውዝ ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚያ በአጥቂነት 80 ጨዋታ ተጫውታ 79 ጎል አገባች። በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ጎል ያህል ማለት ነው!

በ1997 የአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጠራት። ብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ግን አጥቂ ሞልቷል። ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ሚያ ሃም እንኳ እዚያ ነበረች። አሰልጣኙ ቶኒ ዲሲኮ ክሪስቲን ወደ ኋላ አዛውረው ተከላካይ አደረጓት።

እስቲ አስቡት፤ ዕድሜ ልኳን ጎል ስታገባ የኖረች ልጅ «ከእንግዲህ ሥራሽ ጎል እንዳይገባ ማድረግ ነው» ስትባል! እሷ ግን አዲሱን ሥራ ከመጀመሪያው ተማረችው።

ተከላካይ ምን ይሠራል? ኳሱን ብቻ አያይም። አጥቂዋ ወዴት ልትሮጥ እንደሆነ ቀድሞ ይገምታል። ጓደኛው ቦታ ስትለቅ ክፍተቱን ይሸፍናል። ከኋላ ሆኖ ሜዳውን በሙሉ ስለሚያይ «ግራሽን! ከኋላሽ ሰው አለ!» እያለ ለሌሎቹ ይናገራል። ተከላካይ ሥራውን በደንብ ሲሠራ ምንም ነገር የተፈጠረ አይመስልም። ጎል አልገባማ! ስለዚህ ጭብጨባው ትንሽ ነው። ሲሳሳት ግን ሁሉም ሰው ያየዋል።

ክሪስቲ ጊዜዋን መጠበቅም ነበረባት። በ1999 አሜሪካ ባዘጋጀችው የዓለም ዋንጫ ቡድኑ ውስጥ ብትኖርም ብዙውን ጊዜ ያሳለፈችው በተቀያሪ ወንበር ላይ ነው። በፍጻሜው አሜሪካ ቻይናን በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፈች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለው በሮዝ ቦል ስታዲየም ከ90 ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ፣ በ2004 በአቴንስ ደግሞ ወርቅ አገኘች። በ2005 የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ወደ ሜዳ ተመለሰች። በ2008 አሰልጣኟ ፒያ ሱንድሃጌ የቡድኑ አምበል አደረጓት። በዚያው ዓመት በቤጂንግ ኦሊምፒክ ቡድኗ የመጀመሪያውን ጨዋታ በኖርዌይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ተስፋ ቆረጡ? የለም! በፍጻሜው ብራዚልን 1 ለ 0 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ። ጋዜጦች «ካፒቴን አሜሪካ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላት። በዚህ ጊዜ የምትታወቀው በጋብቻ ስሟ ክሪስቲ ራምፖን ተብላ ነው።

በጣም የሚያስገርመው ግን የ2009 ታሪክ ነው። ስካይ ብሉ የሚባለው የኒው ጀርሲ ክለቧ በዚያ የውድድር ዘመን ሁለት አሰልጣኞች ተለያዩት። ሦስተኛ አሰልጣኝ ማን ሆነ መሰላችሁ? ክሪስቲ ራሷ! እየተጫወተች ታሠለጥን ጀመር። ቡድኗ በደረጃ ሰንጠረዡ 4ኛ ነበረ። ሦስቱን የመጨረሻ ግጥሚያዎች በሙሉ በባላጋራ ሜዳ መጫወት ነበረበት። መጀመሪያ ዋሽንግተንን፣ ቀጥሎ ሴንት ሉዊስን፣ በመጨረሻም ሎስ አንጀለስን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። ያኔ ክሪስቲ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ሦስት ወር ገደማ ሆኗት ነበር። ነገሩ ይፋ የሆነው ግን ከፍጻሜው በኋላ ነው።

ሁልጊዜ ማሸነፍ የለም። በ2011 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አሜሪካ በጃፓን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈች። በሚቀጥለው ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ተገናኙ። አሜሪካ 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ክሪስቲም ሦስተኛ ወርቋን አጠለቀች።

በ2015 ካናዳ ውስጥ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ክሪስቲ እንደ 1999ኙ ወደ ተቀያሪ ወንበር ተመለሰች። ቦታዋን ወጣቶች ይዘውት ነበር። ከ1999ኙ ቡድን የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። በዚያ ውድድር የአሜሪካ ተከላካዮችና በረኛዋ 540 ደቂቃ ሙሉ ምንም ጎል ሳያስገቡ ቆዩ። ፍጻሜው እንደገና ከጃፓን ጋር ሆነ። አሜሪካ 5 ለ 2 እየመራች ጨዋታው 86ኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ክሪስቲ ተቀይራ ገባች። 40 ዓመት ከሞላት ገና 11 ቀኗ ነበር። በሴቶች የዓለም ዋንጫ 40 ዓመት ሞልቷት የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች። ዋንጫውን እሷና አቢ ዋምባክ አብረው ከፍ አደረጉት።

ክሪስቲ ለአገሯ 311 ጊዜ ተሰልፋለች። በእነዚያ 311 ጨዋታዎች ስንት ጎል አገባች? 4 ብቻ! በዩኒቨርሲቲ በ80 ጨዋታ 79 ጎል ያገባችው ልጅ ናት። ይሁን እንጂ ሁለት የዓለም ዋንጫ፣ ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ አላት። በ2021 ደግሞ የአሜሪካ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ውስጥ ስሟ ገባ። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ከድሩ ውስጥ የትኛው ክር እንደበረታ ግን ማንም አይቆጥርም። የተከላካይም ሥራ እንደዚያ ነው።

የቃላት መፍቻ

አምበል፦ የተጫዋቾች መሪ
በረኛ፦ ግብ ጠባቂ
ባላጋራ፦ ተቃራኒ፣ የሚገጥመን ቡድን
ፍጻሜ፦ መጨረሻ፤ ዋንጫው የሚወሰንበት ጨዋታ
ይፋ ሆነ፦ ሁሉም ሰው አወቀው
ቅጽል ስም፦ ሰዎች የሚያወጡልን ተጨማሪ ስም

ሰዋስው

«ከለከለ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። እናት ልጇን «ቴሌቪዥን አትይ» ብላ ስትከለክል ማለት ነው። ከእሱ «ተከላከለ» የሚል ግሥ ይወጣል። ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው ደግሞ «ተከላካይ» ይባላል። ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው፦

አጠቃ፦ አጥቂ
ጠበቀ፦ ጠባቂ
አሠለጠነ፦ አሠልጣኝ
መራ፦ መሪ

አሁን እናንተ ሞክሩ። «ሮጠ»፣ «ጻፈ»፣ «አስተማረ» ከሚሉት ግሦች የሠሪውን ስም አውጡ።

ጥያቄዎች

1. ክሪስቲ ተከላካይ ከመሆኗ በፊት የት ቦታ ትጫወት ነበር?
2. ተከላካይ ሥራውን በደንብ ሲሠራ ጭብጨባው ለምን ትንሽ ይሆናል?
3. በ2009 ክሪስቲ በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ ትሠራ ነበር? ዘርዝሩ።
4. በ1999 እና በ2015 በተቀያሪ ወንበር ላይ ነበረች። ሁለቱ ጊዜያት በምን ይለያያሉ?

የቤት ሥራ

በቤታችሁ ወይም በክፍላችሁ ማንም ሳያጨበጭብለት ብዙ የሚሠራ ሰው አለ? እናታችሁ፣ አያታችሁ፣ ወይም ከጨዋታ በኋላ ኳሶቹን የሚሰበስበው ጓደኛችሁ ሊሆን ይችላል። ስለ እሱ ወይም ስለ እሷ አምስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፉና በሚቀጥለው ሳምንት ለክፍል አንብቡ። ወላጆች፣ ፊደሉን ብታግዟቸው ጥሩ ነው፤ ሐሳቡን ግን እነሱ ያምጡት።

ደህና ሰንብቱ!